«ፓታላ ባይራቪ»፦ የአትክልተኛው ልጅ፣ ልዕልቲቱና ያ ጠንቋይ

እዚህ ኩዌት አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ህንዳዊ አሉ። ከደቡብ ህንዷ ግዛት ከአንድራ ፕራዴሽ ናቸው፣ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ከባድ ዕቃ የሚነሳ ጊዜ፣ ወይም ከእኛ አንዱ ፈራ ተባ ሲል፣ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው «ሳሃሳም ሼየራ ዲምባካ!» ይላሉ። ያገራቸው ልጆች ወዲያው በሳቅ ይፈርሳሉ። ትልቁም ትንሹም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጀብዱ ሥራ፣ አንተ ልጅ!» ማለት ነው አሉኝ። ማን ነው የተናገረው ስላቸው፣ «ጠንቋዩ ነዋ» አሉና ስልካቸውን አውጥተው አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከፈቱልኝ።

ፊልሙ «ፓታላ ባይራቪ» ይባላል። የወጣው መጋቢት 1951 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ በእኛ 1943 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሦስት ጊዜ አየሁት። የመጀመሪያውን ከእሳቸው ጋር፣ እሳቸው በአረብኛና በእንግሊዝኛ እያስረዱኝ፤ ሁለቴ ደግሞ ብቻዬን። እናም ስለዚህ ፊልም በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ራሴ ልጽፍ ተነሳሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እኛ «የህንድ ፊልም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው በሂንዲ ቋንቋ ቦምቤይ የሚሠራውን ነው። ያደግነውም በእሱ ነው። ይህ ፊልም የተሠራበት፣ ባልደረባዬም የሚናገሩት ቴሉጉ ግን ሌላ ቋንቋ ነው፤ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት፣ የራሱ ፊደል፣ የራሱ ሥነ ጽሑፍ፣ የራሱ ሲኒማ ያለው። ያኔ የቴሉጉ ፊልም የሚሠራው ማድራስ ነበር፣ የዛሬዋ ቼናይ። ሃይደራባድ የመጣው በኋላ ነው። ባለፉት ዓመታት «ባሁባሊ»ን ወይም «አር አር አር»ን አይታችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ ከቀራችሁ፣ ያ ሁሉ ሰይፍ፣ ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት፣ ያ ሁሉ ግነት ከየት መጣ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ከምንጮቹ አንዱ ይሄ ነው።

ታሪኩ ተረት ነው። በሚገባ የተነገረ ተረት። ኡጃይን በምትባል አገር ቶታ ራሙዱ የሚባል ጎረምሳ አለ። «ቶታ» በቴሉጉ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ «የአትክልቱ ራሙዱ» እንደማለት ነው። እናቱ ጋር ይኖራል፣ ድሃ ነው፣ ግን ደፋር ነው፣ ጉልበትም አለው። የንጉሡን ልጅ ኢንዱማቲን ያፈቅራል፤ እሷም ታፈቅረዋለች። ሌሊት ቤተ መንግሥት ሾልኮ ይገባል፣ ይያዛል። ንጉሡ ሊያስገድለው ይችል ነበር። ግን የልጁን ድፍረት አይቶ አንድ ነገር ይለዋል፦ እንደ እኔ ሀብታም ሆነህ ና፣ ያኔ ልጄን እሰጥሃለሁ።

እስቲ አስቡት። ከሞት የከፋ ፍርድ እኮ ነው። የአትክልተኛ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው የንጉሥ ሀብት የሚይዘው? በር የሌለው ግድግዳ ነው የተሰጠው። ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነው ጠንቋዩ የሚመጣው።

ስለ ጠንቋዩ ነው ዋናውን ማውራት የምፈልገው። ቴሉጉዎቹ «ኔፓላ ማንትሪኩዱ» ይሉታል፣ የኔፓሉ ድግምተኛ እንደማለት። ይህ ሰው ከምድር በታች ያለችውን አምላክ ፓታላ ባይራቪን ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የኖረ ነው። የሚፈልገው አንድ ትንሽ ምስል ነው፤ ምስሉን የያዘ ሰው የጠየቀው ሁሉ ይሆንለታል። ለዚህ ግን ዋጋ አለው። ብልህና ጀግና የሆነ ወጣት ለአምላኳ መሠዋት አለበት። ፈሪ አይሆንም፣ ሞኝም አይሆንም። ስለዚህ ጠንቋዩ አገር ላገር እየዞረ የሚፈልገው ምርጡን ልጅ ነው፣ ሊያርደው።

ይሄ ሐሳብ ራሱ ልብ ይነካል። ራሙዱን የሚያስመርጠው ያው ልዕልቲቱን ያስወደደው ጀግንነቱ ነው። ጠንቋዩ በልጁ ድፍረት ከልቡ ይደሰታል፣ ያበረታታዋል፣ ሀብት አገኝልሃለሁ ይለዋል። አምላኳ ባለችበት ዋሻ ውስጥ ፈተና በመጣ ቁጥር «ጀብዱ ሥራ፣ አንተ ልጅ!» እያለ ወደፊት ይገፋዋል። የሥራ ባልደረባዬ ዕቃ ሲያስነሱን የሚሉት ያ ማበረታቻ፣ በፊልሙ ውስጥ በሬ ሲያደልቡ የሚባል ዓይነት ማበረታቻ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ትንሽ ይሰቅቀኛል። እሳቸው ግን ልጅ ሆነው እናታቸው እህል ስታስፈጫቸውም ትለው ነበር ይላሉ። ከ70 ዓመት በላይ በሰው አፍ የኖረ ቃል ነው።

ጠንቋዩን የተጫወተው ኤስ.ቪ. ራንጋ ራዎ ይባላል። ፊልሙ ሲወጣ ዕድሜው ገና 32 ነበር። ስንቱን ዘመን ያየ አረጋዊ የሚመስለው ያ ሰው 32 ዓመቱ! ጀግናው የሆነው ኤን.ቲ. ራማ ራዎ ደግሞ 27። በመካከላቸው አምስት ዓመት የማይሞላ ልዩነት ነው ያለው፣ ፊልሙ ላይ ግን አባትና ልጅ፣ እንዲያውም አያትና ልጅ ልጅ ናቸው ብትባሉ ታምናላችሁ። በጢም ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። አካሄዱን ተመልከቱ። አይቸኩልም። ዓይኑን ቀስ አድርጎ ነው የሚያዞረው። ድምፁ ከደረቱ ሥር ይወጣል፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ማር እያላመጠ ነው የሚያወጣው። ቋንቋውን ሳላውቅ፣ ጽሑፉን ሳላነብ፣ ድምፁን ብቻ እየሰማሁ ምን እንደፈለገ ይገባኝ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ፊልም ስናይ ሁላችንም የ«አክተሩ» ደጋፊ ነበርን፤ አክተሩ አይሞትም ተባብለን ነው የምንቀመጠው። እዚህ ግን ክፉው ሰውዬ ከስክሪኑ ሲጠፋ ናፈቀኝ። ከአክተሩ በላይ እሱን ጠበቅሁት።

ራንጋ ራዎ ክፋቱን አያጮኸውም። ጠንቋዩ ለራሱ ትክክል ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ደክሟል፣ ተሰዷል፣ አምላኩን አገልግሏል፣ አሁን የድካሙን ዋጋ ይፈልጋል። ይህ ስሜት ፊቱ ላይ ስላለ ነው ከተራ የተረት ጭራቅ የሚለየው።

(ከዚህ በታች ታሪኩን እየገለጥኩ ነው የምሄደው። ፊልሙን ሳታውቁ ማየት የምትፈልጉ ሰዎች ስለ ሙዚቃው ወደምናገርበት ዝለሉ።)

ከመሥዋዕቱ በፊት ራሙዱ ሰውነቱን እንዲታጠብ ይላካል። ውኃው ውስጥ አዞ ይገጥመዋል፣ ይታገለዋል፣ ይገድለዋል። አዞው ግን አዞ አልነበረም። እርግማን የነበረባት የሰማይ ሴት ናት። ከእርግማኗ ስላላቀቃት ለውለታው እውነቱን ትነግረዋለች፦ ሰውዬው ሊሠዋህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕይንት የፊልሙ እምብርት ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ያውቃል፣ ጠንቋዩ ልጁ ማወቁን አያውቅም፣ ግዙፉ የአምላኳ ምስል ከላይ ሆኖ ሁለቱንም ያያል። ጠንቋዩ ለሌላው ያዘጋጀውን ሞት ራሱ ይቀምሳል። ምስሉን ራሙዱ ይወስዳል። አምላኳም «ሰው ሆይ፣ ምኞትህ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ይቺም ዓረፍተ ነገር ቴሉጉ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቃት ናት።

ምኞቱ ግልጽ ነው። ቤተ መንግሥት ይሁንልኝ፣ ሀብት ይሁንልኝ። ይሆንለታል። ንጉሡም ቃሉን ይጠብቃል፣ ሠርግ ይደገሳል።

እዚህ ጋ ፊልሙ ቢያልቅ ጥሩ ተረት ነበር። የተሻለ ያደረገው ግን አለማለቁ ነው። የጠንቋዩ ደቀ መዝሙር ሳዳጃፓ የጌታውን ሬሳ አግኝቶ ሙት በሚያስነሳ ዕፅ ያስነሳዋል። ጠንቋዩ ኡጃይን ይመጣል። እዚያ የንግሥቲቱ ወንድም ሱራሴና አለ፤ ልዕልቲቱን እሱ ሊያገባት ሲመኝ የኖረ፣ አሁን ተስፋ ቆርጦ ራሱን ሊያጠፋ የተዘጋጀ ሰው። ጠንቋዩ በዚህ ሰው እጅ ምስሉን ያሰርቃል። ሠርጉ ሊፈጸም ሲል ሁሉም ነገር ይጠፋል። ቤተ መንግሥቱ፣ ሀብቱ፣ ሙሽራዋ። ራሙዱ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህን ያየሁት እዚህ ሰው አገር፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነው። ሜዳ ላይ የቀረውን ልጅ ሳይ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያቱም ያ ሁሉ ሀብት መጀመሪያም የእሱ አልነበረም፤ ከምስሉ የመጣ ነበር፣ ከምስሉ ጋር ሄደ። የቀረው የራሱ የነበረው ነው። ጉልበቱ፣ ልቡ፣ እና አንጂ። አንጂ የአክስት ልጁ ነገር ነው፣ በፊልሙ የሚያስቀን ሰው እሱ ነው፣ ሳይጠየቅ ተነስቶ አብሮት ይሄዳል። ሁለቱ መንገድ ላይ አስማተኛ ጫማና ልብስ አግኝተው የጠንቋዩ ምሽግ ይደርሳሉ። መጨረሻውም የሚወሰነው በጀግናው ጡንቻ ሳይሆን በዚያ በሚያስቀው ሰው ብልጠት ነው።

እንዴት መሰላችሁ? የጠንቋዩ ኃይል ጢሙ ውስጥ ነው። ጠንቋዩ ደግሞ ኢንዱማቲን ወዷል፣ እሷ ግን ዓይንህን አልይ ብላዋለች። አንጂ ሳዳጃፓን መስሎ ይገባና፣ ጌታዬ፣ ይህን ጢም ብትላጩትኮ ልጅቷ ትወድዎ ነበር ይለዋል። ጠንቋዩ ይላጫል። እኛ ወዲያው ሳምሶን ነው ትዝ የሚለን፣ እኔም ጮክ ብዬ «ሳምሶን!» አልኩ። ልዩነቱ ሳምሶንን ተኝቶ ነው የላጩት፤ ይሄ ግን በገዛ እጁ፣ ወጣት መስሎ ለመታየት ብሎ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለላትን ኃይል አንዲት ሴት ፈገግ እንድትልለት ብሎ ጣላት። ራንጋ ራዎ ጢሙን ተላጭቶ ብቅ ሲል ያለውን ፊት ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩት። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው አዘንኩለት። ከዚያ የሰይፍ ፍልሚያው ይመጣል፣ የጎራዴ ፊልም ወዳጆች የምትጠብቁት፣ ዕዳውም እዚያ ይዘጋል።

ታሪኩ አላዲንን አስታወሳችሁ? እኔንም። ልመና የሚሰማ ዕቃ አለ፣ ድሃ ልጅ አለ፣ ልዕልት አለች፣ ከሩቅ የመጣ ጠንቋይ ልጁን ለራሱ ጉዳይ ይጠቀምበታል፣ ቤተ መንግሥት ከነሰው ተነስቶ ይሄዳል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ግን መነሻቸው «ካሲ ማጂሊ ካታሉ» የሚባለው የቴሉጉ የተረት ስብስብ ነው፤ ወደ ሂንዱዎች ቅድስት ከተማ ወደ ካሲ በእግር የሚጓዙ ሰዎች ማረፊያ ላይ በደረሱ ቁጥር የሚነገሩ ተረቶች ናቸው። ጥሩ ተረት ፓስፖርት አያስፈልገውም። ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ኖሯል፣ ማን ከማን እንደወሰደ ለማወቅ መድከም አይገባንም።

ስለ ሠሪዎቹ ትንሽ ልበል። ፕሮዲውሰሮቹ ናጊ ሬዲና ቻክራፓኒ ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1947 «ቻንዳማማ» የሚባል የልጆች መጽሔት የመሠረቱ ናቸው፤ የነገሥታትና የጠንቋይ ተረት እየያዘ በብዙ የህንድ ቋንቋዎች የታተመ መጽሔት። ይህን ሳውቅ ፊልሙ ለምን እንዲህ እንደተነገረ ገባኝ። ታሪክ ማውራት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ ነገር ካለቀ በኋላ ሌላው «ከዚያስ?» እንዲያሰኝ አድርገው ነው የቀመሩት። የእነሱ የፊልም ድርጅት የመጀመሪያ ፊልም ገበያው አልቀናውም ነበር፣ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ከ200 ቀን በላይ ታየ። ዳይሬክተሩ ኬ.ቪ. ሬዲ ነው። ንግግሩንና የዘፈን ግጥሙን የጻፈው ፒንጋሊ ናጌንድራ ራዎ ነው፤ ይህ ሰው አዲስ ቃል በመፍጠርና የተረሳ ቃል ነፍስ በመዝራት የታወቀ ነው። «ዲምባካ» የምትለዋን ሰው በየቀኑ የሚናገራት ቃል አልነበረችም። ጠንቋዩ አፍ ውስጥ ስትገባ ነው ሕዝብ የያዛት።

ፊልሙ በቴሉጉና በታሚል ነው የተሠራው፣ በኋላ በሂንዲም ወጣ። በ1952 መጀመሪያ ላይ ህንድ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫሏን ቦምቤይ ስታዘጋጅ ከደቡብ ህንድ የታየው ፊልም ይሄ ነበር።

ካሜራውን የያዘው ማርከስ ባርትሊ ነው። ኮምፒውተር የሌለበት ዘመን ነው። ቤተ መንግሥት ሲጠፋ፣ ሰው ሲሰወር፣ አምላክ ከምስል ስትወጣ፣ ሁሉም በካሜራና በመብራት፣ በእጅ በተሠራ ዲኮርና በትዕግሥት የተሠራ ነው። ዛሬ ስናየው አንዳንዱ ቦታ ጨርቁና ቀለሙ ይታያል፣ አልዋሽም። አዞውም አዞ ለመምሰል ብዙ ይታገላል። ዋሻው ግን፣ በተለይ ጥላና ብርሃኑ፣ ዛሬም ያስፈራል። ጥቁርና ነጭ መሆኑም ጠቅሞታል። ጨለማው ጨለማ ነው።

ሙዚቃው የጋንታሳላ ነው። ዜማውን የደረሰው እሱ፣ ለጀግናው የዘፈነለትም እሱ። የልዕልቲቱን የዘፈነችው ፒ. ሊላ ናት። «ካላቫራማዬ ማዲሎ» የሚለውን የሁለቱን ዘፈን ፊልሙን የማታዩ እንኳ ብትሆኑ ፈልጋችሁ ስሙት። «ልቤ ታወከ» እንደማለት ነው። ቀስ ያለ፣ የሚያባባ፣ ማታ ከሥራ መልስ የሚሰማ ዜማ ነው። ስልኬ ላይ አውርጄዋለሁ። ሌላ የምትደሰቱበት ነገር፦ በአንዱ የጭፈራ ትዕይንት ላይ የምትታየው ልጅ ሳቪትሪ ናት። ያኔ ማንም አያውቃትም፤ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የቴሉጉ ሲኒማ ትልቋ ተዋናይት ሆነች፣ በ2018 ስለ ሕይወቷ ፊልም ተሠራ። እዚህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያለችው፣ ግን ዓይን ይይዛል።

ስለ ራማ ራዎም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ ጠንቋዩን አብዝቼ አሞገስኩና እሱን በደልኩት። በ1949 ነው ፊልም የጀመረው፣ ይሄ ፊልም ነው ኮከብ ያደረገው። ፊቱ የዋህ ነው። ሰይፍ ሲይዝ ያምርበታል፣ ሲቆጣ ታምኑታላችሁ፣ እናቱ ፊት ሲቆም ደግሞ ልጅ ይሆናል። በኋላ የነገሥታትና የአማልክት ሁሉ ፊት እሱ ሆነ። በ1982 ፓርቲ መሠረተ፣ ዓመት ሳይሞላው በምርጫ አሸንፎ በ1983 የአንድራ ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ሆነ። ባልደረባዬ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራ ነበር። «የአትክልተኛው ልጅ ነገሠ» ነው ያሉት። ፊልሙን ከዚህ በኋላ ሲያዩት ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንድ ሕዝብ ንጉሥ ሊያደርገው የመረጠውን ሰው በድህነቱ ልብስ የምታዩበት ፊልም ነው።

አሁን ያልወደድኩትን ልንገራችሁ።

ርዝመቱ። ከሦስት ሰዓት ያልፋል። ያን ዘመን ሰው ለፊልም ቀኑን ሰጥቶ ነበር የሚሄደው፣ ይገባኛል፣ ግን መካከሉ ላይ ይጎተታል። በተለይ ሱራሴና በመጣ ቁጥር። እሱን የሚጫወተው ሬላንጊ በዘመኑ የተወደደ ኮሜዲያን ነው፣ ባልደረባዬም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እኔ ግን ቀልዱ ግማሹ ቃላት ጨዋታ ስለሆነ አመለጠኝ። ሰብታይትሉ ደግሞ አይረዳም። እኔ ያየሁት ቅጂ ላይ የተጻፈው ትርጉም ንግግሩን ግማሽ በግማሽ ይዘለዋል፣ ዘፈኖቹን ጨርሶ አይተረጉምም። የፒንጋሊን ቃላት እንደዚያ አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው። ሰው ካላችሁ፣ ቴሉጉ የሚያውቅ ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ አብሯችሁ የሚሠራ፣ ከእሱ ጋር እዩት። የባህረ ሰላጤው አገር ውስጥ ላለን ሰዎች ይሄ ከባድ አይደለም፤ ከጎናችን ናቸው።

ልዕልቲቱ ትንሽ ታሳዝናለች። ኬ. ማላቲ በጥሩ ሁኔታ ተጫውታታለች፣ ጠንቋዩ ምሽግ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ክብሯን የምትጠብቅበት መንገድ ደስ ይላል፤ ግን ታሪኩ ለረጅም ሰዓት እንድትጠብቅ ብቻ ነው የሚያደርጋት። ትጠብቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዘፍናለች። ሌላው፣ ንጉሡ። ሴት ልጁን በሀብት ልክ ሊሰጥ የተስማማ አባት ነው፣ ፊልሙ ይህን ጉዳይ ከፍቶት አይጠይቀውም። ቢጠይቅ እመርጥ ነበር።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ፦ የሰው መሥዋዕት ያለበት ታሪክ ነው። ደሙ አያስፈራም፣ የዛሬ ዓይነት ጭካኔ የለውም፣ ግን ዋሻውና ጠንቋዩ ትንንሾቹን ሌሊት ሊያስቃዣቸው ይችላል። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑት፣ አጠገባቸው ሆናችሁ እያስረዳችኋቸው ብታዩት ግን ተረት ተረት እንደምትነግሯቸው ነው። የላም በረት።

ምን ያህል ወደድኩት? ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። ያቺን አንዷን የቀነስኩት ለመካከለኛው ሰዓት ነው። በአንድ ቁጭታ ማየት ካልቻላችሁ ለሁለት ከፍላችሁ እዩት፦ ጠንቋዩ የሚሞትበት ጋ አቁሙ፣ በማግስቱ ከሚነሳበት ቀጥሉ። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ እንደዚያ ነው ያየሁት፣ በጣም ተስማማኝ።

ከወደዳችሁት ቀጥሎ ምን ማየት እንዳለባችሁም ልጠቁም። አስማት የሌለበት፣ ንጹሕ የዙፋንና የሰይፍ ታሪክ ከፈለጋችሁ «ራጃማኩታም» አለ፣ የ1960 ነው። የናጊ ሬዲ ታላቅ ወንድም ቢ.ኤን. ሬዲ የሠራው፣ ራማ ራዎ አባቱ የተገደለበትን ልዑል ሆኖ የተጫወተበት። እዚያ ላይ «ሳዲሴያኮ ጋሊ» የሚል የፒ. ሊላ ዘፈን አለ፤ ንፋሱን ድምፅ እንዳታሰማ ብላ የምትለምንበት። ለእሱ ብቻ ተብሎ ይታያል። ከዚህ ከራሱ ቡድን ደግሞ የ1957ቱ «ማያባዛር» አለ፤ ያው ዳይሬክተር፣ ያው ጸሐፊ፣ ያው ካሜራማን፣ ራማ ራዎ አምላኩን ክሪሽናን፣ ራንጋ ራዎ ደግሞ ግዙፉን ጋቶትካቻን ሆነው። አንድ ሙሉ የሠርግ ድግስ ብቻውን የሚበላበት ትዕይንት አለው ብለውኛል ባልደረባዬ። ዓርብ ዕረፍት ነን፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ቢሪያኒ ይዘው ይመጣሉ፣ እሱን ልናይ ነው።